ከሁለት ቁጥር የሚመጡ አንሶላዎች

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቁሞኝ፣ «ሐሙስ እንደገና እንከፍተዋለን። ይሄኛው ካልያዘ ግን እግሩን ማትረፍ አንችልም» አለኝ። ባሌ ሆስፒታል ከተኛ ሠላሳ አንደኛ ቀኑ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬን የረገጠው በዚያ በቀኝ እግሩ ነው። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እኔ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነበር፤ ግድግዳ እያየ የሚያወራ ሰው ደግሞ አላምንም።

እውነቱን ለመናገር ማንንም አላምንም። የዚሁ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው እድፍ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። አንዷ «ምሳ እንኳ አልቀመስኩም» ብላ ስታለቃቅስ ዘይቱን ጋውኗ ደረት ላይ አየዋለሁ። ሠራተኛው ከኋላዬ «መርማሪዋ» ይለኛል፤ የማልሰማ ይመስለዋል። ባሌም ቢሆን «አንቺ እኮ ጥላሽን እንኳ መታወቂያ ሳትጠይቂ አታስከትዪም» እያለ ይስቅብኛል። ይስቅብኝ ነበር ልበል እንጂ፣ ከታመመ ወዲህ ሳቁም ቀንሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ አዳልጦት ወደቀና የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ብረት ገባለት። «በአሥር ቀን ቤትህ ትገባለህ» ተባለ። በስምንተኛው ቀን ቁስሉ መግል ያዘ። ከፍተው አጠቡት፤ ደረቀ ስንል እንደገና ያዘ። መርፌው ወደ ውዱ ተቀየረ፣ ከዚያ ከውዱም ወደሚብሰው። እኛ ያጠራቀምነው አለቀ፤ ቀጥሎ ወንድሙ ያጠራቀመው አለቀ። እኔ በዚህ መሐል የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይሄን ሰው ማነው ያበላሸብኝ?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቁስሉን የምታሽግለትን ነርስ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሥራዬን ለምክትሌ እየተውኩ ራስጌው ቆሜ ጠበቅኳት። ልጅቱ በመጨረሻ ፋሻውን ከእሽጉ ስትቀድ ወደኔ እያሳየች፣ «እትዬ፣ ከፈለጉ እርስዎ ይሥሩትና እኔ ልቁም» አለችኝ። አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን ለአንድ ቀን ነው። በማግስቱ ወደ ስቶር ኃላፊው ዞርኩ። መርፌው ከስቶር ሲወጣ ሌላ፣ ባሌ ክንድ ላይ ሲደርስ ሌላ እንደሚሆን በልቤ ወስኜ ጨርሼ ነበር። ባዶ ብልቃጦቹን ለቅሜ ከመዝገቡ ጋር ላስተያይ ብሄድ ሰውየው መነጽሩን አወለቀና፣ «ታዲያ መድኃኒቱን እኔ ልጠጣው ነው? ቁጥሩ ይኸውልዎ፣ ይዩት!» አለኝ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

ቀረ ሐኪሙ። ወጣት ነው፣ ቀልጣፋ ነው፣ በቀን አራትና አምስት ሰው ይሠራል። ይቸኩላል አልኩ። ቸኩሎ የሆነ ነገር ውስጥ ረስቶበታል አልኩ። እሱን የምይዝበት ማስረጃ ደግሞ እጄ ላይ ነበር።

ከኦፕራሲዮን የሚወጣው ጨርቅ ወደኔ የሚመጣው በጥቅል ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ ካርድ ይታሰራል፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ቁጥር፣ የሐኪሙ ስም፣ በሽተኛው የተኛበት አልጋ ይጻፍበታል። የአልጋው አንሶላ ደግሞ ጥጉ ላይ የአልጋው ቁጥር በክር ተጠልፎበታል። መግል የነካው አንሶላ በቢጫ ከረጢት ለብቻው ይመጣል፤ ሁለቴ መፍላት ስላለበት ደብተር ላይ እመዘግበዋለሁ። ካርዶቹን ሌላ ሰው ቢሆን ይጥላቸው ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ምስክር ይሆኑኛል ብዬ በጫማ ካርቶን ውስጥ አኖራቸዋለሁ።

ሰኞ ከሰዓት የመተኮሻውን ጠረጴዛ አስለቅቄ የስድስት ወር ካርድ ዘረጋሁበት። አጣቢዎቹን ልጆች «ሻይ ጠጥታችሁ ኑ» ብዬ ላክኋቸው። ካርዱን ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ ሳመሳክር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሐኪሙን በእጄ ላስገባ ተቀምጬ ሐኪሙ ነጻ ወጣ። በአንድ ቁጥር ኦፕራሲዮን ክፍል የተሠሩት ሃምሳ ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ ቢጫ ከረጢት ውስጥ የገባ አንሶላ የላኩልኝ ሁለት ብቻ። በሁለት ቁጥር ከተሠሩት አርባ ስድስት ሰዎች ግን አሥራ አራቱ ደብተሬ ላይ አሉ። ሐኪሙ በሁለቱም ክፍል ይሠራል፤ ሌሎቹም ሐኪሞች እንደዚያው። ማንም ይሥራው ማን፣ ሁለት ቁጥር የገባ ሰው አንሶላው ይቆሽሻል። ደረቅ አንሶላ ይዞ በሳምንቱ ቤቱ መግባት የነበረበት ሰው ወር ይተኛል፤ ባሌ አንዱ ነው።

ሰው መጠርጠር እችልበታለሁ፤ ክፍል ጠርጥሬ ግን አላውቅም። ጨርቁን እኔው ነኝ የማጥበው፣ ለሁለቱም በአንድ ውሃ። ወለሉን የሚወለውሉት እነዚያው ሴቶች ናቸው። መቀሱም ቢላውም አንድ ቦታ ነው የሚፈላው። ታዲያ ለሁለት ቁጥር ብቻ የሚገባ ነገር ምንድነው እያልኩ ሳሰላስል ዓይኔ የገዛ ክፍሌ ጣሪያ ላይ፣ አቧራ የለበሰው የአየር ቀዳዳ ላይ ዐረፈ።

ማክሰኞ ጠዋት መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ። የሆስፒታሉን ማሽኖች በሙሉ የሚጠግነው እሱ ነው። ቅጽል ስሙ «ይሠራል» ነው፤ ምንም ነገር ተበላሸ ብትሉት «ይሠራል» ነው መልሱ፣ ደግሞም ይሠራል። የኔን ማጠቢያ ማሽን ሦስት ጊዜ ከሞት መልሶልኛል። ጄኔሬተሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ብሎን እየለየ ነበር።

«በሁለት ቁጥር ጣሪያ የሚገባው አየር ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ።

«ከውጭ ነዋ። ማሽኑ ይስበዋል፣ ማጣሪያው ያጣራዋል፣ ይገባል። ምነው?»

«ማጣሪያው መቼ ነው የተቀየረው?»

ብሎኑን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቅ አለ። «እህቴ፣ እየቀለድሽብኝ ነው? አንቺው አይደለሽ እንዴ የምታጥቢልኝ!»



በየሁለት ወሩ ሁለት በብረት የተከፈፈ ነጭ ነገር በከረጢት ያመጣልኝ ነበር። ወረቀት ይመስላል፣ ጨርቅም ይመስላል፣ እንደ ቀሚስ ሽንሽን እጥፍጥፍ ያለ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምን እንደሆነ ጠይቄው «የአየር ማስገቢያ» ብሎኛል፤ እኔ የመስኮት ነገር መሰለኝ። ስስ ስለሆነ ልጆቹን አላምናቸውም፤ ራሴ ነኝ በሞቀ ውሃ፣ በሳሙናና በበረኪና፣ ሽንሽኑን በጣቴ እየለየሁ የማጥበው። በረዶ መስሎ ነው የሚመለስለት። ማንም እንዲህ አያጸዳውም እያልኩ እኮራበት ነበር።

«አንድ ቁጥርስ?» አልኩት።

«የእሱ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። የውጭ ድርጅት መጥቶ ይቀይረዋል፣ ውል አለው። የሁለት ቁጥር ግን አሮጌ ማሽን ስለሆነ በኔ እጅ ነው። አዲስ ጠይቄ ስምንት ወር ጠበቅኩ። አስተዳዳሪው ‹መላ ፈልግለት› አለኝ፣ ፈለግኩለት። ሁለት ጥንድ አለኝ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይታጠባል። ስብሰባ ላይ አመስግኖኛል እኮ፣ ‹ይሄ ሰው ብዙ ወጪ አዳነን› ብሎ።»

አንዱ ጥንድ በዚያች ሰዓት በኔው ማድረቂያ ክፍል ተሰቅሎ ነበር። እግሬ መሬት ሳይነካ ተመልሼ አወረድኩት። ክፈፉ ዙሪያውን በመካኒኩ ቡናማ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ላዩ ላይ በወፍራም ብዕር «2» ተጽፏል። ፕላስተሩን በጥፍሬ ፈልቅቄ ላጥኩት። ከሥሩ የፋብሪካው ምልክት አለ፤ የውሃ ገንዳ ተሥሎ በላዩ ላይ በሁለት መሥመር ተሰርዟል።

ይህን ምልክት የሸሚዝ አንገት ላይ፣ የሱፍ ልብስ ጎን ላይ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነው፤ «ውሃ አታስነኩት» ማለት ነው። ወደ መስኮቱ አቅርቤ ብርሃን ላይ ያዝኩት። ሽንሽኑ መሐል ብርሃኑ በቀዳዳ በቀዳዳ ያልፋል። በጣቴ ብነካው ድሩ ተላቀቀና እንደ ጥጥ ጣቴ ላይ ቀረ። ነጭ ነበር፣ ንጹሕ ነበር፣ ግን ምንም የሚያጣራው ነገር አልነበረም። የተከፈተ ጭን ላይ የመንገዱን አቧራ ከነጉዱ ሲያራግፍ የከረመው በኔ እጅ የታጠበ ነገር ነው።

ማድረቂያ ክፍሉ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ሌባ ስፈልግ ነበር የከረምኩት። ሌባ ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

መካኒኩ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምልክቱን አሳየሁት፣ ምን ማለት እንደሆነም ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «አዲስ እንዲገዛ ዛሬውኑ እጽፋለሁ» አለ። «ሁለት ወር ይፈጃል ግን። እስከዚያ… እህቴ፣ የልጆች አባት ነኝ። አንቺም አብረሽኝ ነሽ። ምን እንላለን?»

ምን እንደምንል አላወቅኩም። የማውቀው ሐሙስ ባሌ ሁለት ቁጥር እንደሚገባ ነው። እና የሠራሁትን ልንገራችሁ፤ ሳልቀባባው። ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ባሌን በአንድ ቁጥር ይሥሩልኝ» አልኩት። «ሁለት ቁጥር ሁለት ጊዜ ገብቶ አልተሳካለትም፣ ልቡ ፈርቷል። እባክዎ።»

ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ክፍሉ ምን ያደርጋል? ግን ልቡ ከተረጋጋ ደግ ነው። ሐሙስ ሁለት ሰው ነው ያለኝ፣ ጠዋት በሁለቱም ክፍል። አለዋውጣቸዋለሁ።»

ከማን ጋር እንደሚለዋወጥ አልጠየቅኩም። እኔ፣ ሁሉን የምጠይቀው መርማሪዋ፣ ያን አንዱን ጥያቄ ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ረቡዕ መልሱ ሳልጠይቅ መጣ። ባሌ ከተኛበት አጠገብ አንድ ጡረታ የወጣ ዘበኛ አለ፤ ሰባ የሞላው፣ ዳሌው የተሰበረ፣ ጠያቂው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ። አንሶላ ልቀይርለት ብጠጋ እጄን ያዝ አደረገኝ።

«ልጄ፣ ለነገ ወደ ሁለት ቁጥር ቀየሩኝ» አለኝ። «ሰፋ ያለ ነው አሉ። ትንሽ ፈርቼ ነበር። ኋላ ግን እዚያ የሚነጠፈውን ጨርቅ የምታጥበው ይቺ ናት አልኩ። አንቺ ባጠብሽው ላይ ተኝቼ ምን ይነካኛል?»

ባሌ ከአልጋው ሆኖ፣ «እውነትዎን ነው አባባ፣ እሷ ያጠበችው ነገር ራሱ በሽታን ያባርራል» ብሎ ጨመረበት። የሽማግሌውን አንሶላ እንዴት እንዳነጠፍኩት አላስታውስም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። መካኒኩ ይባረራል። አሥራ አራት ቤተሰብ ስሜን ይይዛል፤ ሊከሱኝም ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን የፈራሁት ባሌን ነው። ዝም ብል ደግሞ የባሌ እግር ሳይድን አይቀርም፣ ሽማግሌው ብቻ… እዚህ ጋ ስደርስ ሐሳቤን መጨረስ ያቅተኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የታሸጉትን የኦፕራሲዮን ጥቅሎች መጋዘን ቆለፍኩና ቁልፉን መጎናጸፊያዬ ውስጥ ቋጠርኩት። ያለኔ ጨርቅ ማንም ሰው ማንንም አይቆርጥም። በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። ማጣሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ስልክ ጮኸ፣ አላነሳሁም። ከዚያ የኦፕራሲዮን ነርስ መጣች፣ ከዚያ ሐኪሙ ከነላስቲክ ቦት ጫማው፣ በመጨረሻም አስተዳዳሪው ክራቫቱን እያስተካከለ። «ምንድነው ጉዱ?» አለ። «በሽተኞች በር ላይ ተኝተው እየጠበቁ ነው!»

ጥሩ አድርጌ አልተናገርኩም፤ እየተንተባተብኩ ነበር። ግን ካርዶቹን አሳየሁ፣ ደብተሩን አሳየሁ፣ ምልክቱን አሳየሁ። «ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ምልክቱን ማንበብ የሚችል ሰው እዚህ ሆስፒታል ውስጥ እኔ ነበርኩ፣ ፕላስተሩን ግን አላነሳሁም።» ሐኪሙ ማጣሪያውን ከጭኔ ላይ ወስዶ ወደ መብራቱ አነሳው። ለረጅም ጊዜ አላወረደውም።

«የአንድ ማጣሪያ ዋጋ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ አስተዳዳሪው።

«አላውቅም» አልኩት። «የባሌን መርፌ ዋጋ ግን አውቃለሁ። አሥራ አራት ሰው ስንት ቀን ትርፍ እንደተኛም ደብተሬ ላይ አለ። እርስዎ ይደምሩት።»

«እና እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ባልሽ ሲሆን ነው የታየሽ?»

«አዎ» አልኩ። ምን እላለሁ? «ባሌ ባይሆን ካርዶቹን አልዘረጋም ነበር። ማክሰኞ አውቄ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ባሌን ወደ አንድ ቁጥር አስለውጬ ሽማግሌውን በሱ ቦታ ልልክም ነበር። ይሄንንም ይጻፉት።»

ሐኪሙ ሁለት ቁጥርን በዚያው ሰዓት ዘጋው። አንድ ቁጥር ለሐሙስ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው አለ። «ተራው የሽማግሌው ነበር። ባልሽ ሰኞ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለኝ፤ እኔም አልከፋኝም። ቁልፉን ፈትቼ የሽማግሌውን ጥቅል በገዛ እጄ አወጣሁ።

ለባሌ ሌላ ሰው ሳይነግረው ልድረስ ብዬ ሮጥኩ። ባለጎማው አልጋ ላይ እንደተኛ ኮሪደሩ ላይ አስቁመውታል፤ ቆቡን አጥልቀውለታል። ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ስንት ጊዜ አጥበሽዋል?» አለ።

«ዘጠኝ ጊዜ።»

«እኔ ስገባ ጣሪያው ላይ የነበረውስ?»

«ሦስት ሳምንት ቀድሜ ያጠብኩት ነው።»

ጣሪያውን አየ። «ሰኞ ነው አይደል?» አለ ብቻ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ልይዘው ስል እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ገባ።

ሰኞ ተሠራለት። ሽማግሌው በስምንተኛው ቀን በከዘራ እየተራመደ ወጣ። የባሌ ቁስል አሥር ቀን ደረቀ፣ ሃያ ቀን ደረቀ፤ እግሩ ጥቂት አጠረ እንጂ እግሩ የራሱ ነው። ሁለት ወር ይፈጃሉ የተባሉት ማጣሪያዎች በአሥራ አንድ ቀን ገቡ። እኔና መካኒኩ ደብዳቤ ደረሰን። አስተዳዳሪው እስከ ዛሬ አስተዳዳሪ ነው። እንዴት እንደሆነ ብጠረጥርም አሁን መመርመሪያ ወንበሬን ተነጥቄያለሁ።

ቤት ከገባን በኋላ ቁስሉን በየሁለት ቀኑ የማሽገው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ፋሻውን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ እግሩን አልዘረጋም።

«አሳዪኝ» አለኝ።

ሁለት እጄን ዘረጋሁለት። መዳፌን አየ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፋፍቶ መሐሉን አየ። አልሳቀም፣ እኔም አላለቀስኩም። ጨርሶ ሲያይ እግሩን ወደኔ ገፋ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳያይ አስነክቶኝ አያውቅም። እኔም ሳይጠይቀኝ አሳየዋለሁ።